የልብ ምት ሐኪም ለመባል ምን ያህል ሥልጠና ይበቃል? ማንስ ይመሰክርለታል?

የጉለሌ_ልጅ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ልቧ በድንገት እየፈጠነ ያስቸግራታል። ቁጭ ብላ ቡና እየቀዳች እንኳ ሊጀምራት ይችላል። ባለፈው ድንገተኛ ክፍል ስንወስዳት ምቷ በደቂቃ 190 ደርሶ ነበር። በደም ሥሯ አዴኖሲን ሰጧትና ወዲያው ተስተካከለ። ሐኪሙ «ኤስቪቲ ነው፤ በልብ ኤሌክትሪክ መዛባት በድንገት የሚጀምር ፈጣን ምት። በመድኃኒት መቆየት ትችላላችሁ፣ ከሥሩ የሚያድናት ግን አብሌሽን ነው፤ በካቴተር፣ በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ የመዛባቱን መነሻ ማጥፋት» አሉን። ቤተሰቡ ገንዘብ አዋጥቶ ሕንድ ሊልካት ወስኗል።

ያስቸገረን ምርጫው ነው። ታካሚ የሚልክ አንድ አገናኝ የሁለት ሐኪሞችን ሲቪ ላከልን። ሁለቱም ላይ «የልብ ምት ስፔሻሊስት» ይላል። አንደኛው የሰርተፍኬት ዓይነት ከላይ እስከ ታች ደርድሯል። የሌላው አጭር ነው። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ኦዲተር ለመሆን ምን እንደሚያስፈልግና ፈቃዱን ማን እንደሚሰጥ አውቃለሁ። የልብ ምት ሐኪምን ግን ማን ፈትኖ «ይችላል» እንደሚል አላውቅም። የትኛው ወረቀት ነው ቁም ነገር ያለው? በኛ አገርስ ይህን የሚቆጣጠር አለ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ቴክኒሽያን_ሜሪላንድ · ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ አክስትህን እግዚአብሔር ይማራት። ኤስቪቲ ከልብ ምት መዛባቶች መካከል በደንብ ከሚድኑት አንዱ ስለሆነ አትደንግጡ።

እኔ የምሠራው አሜሪካ፣ ኢፒ ላብ ውስጥ ነው። ኢፒ የምንለው ኤሌክትሮፊዚዮሎጂን ነው፤ የልብን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያጠናውንና የሚያክመውን ክፍል። ስለ ሕንድ ሌሎች ይጨምሩበት፤ እኔ የማውቀውን ልንገርህ።

እዚህ አንድ ሐኪም ሜዲካል ስኩል ከጨረሰ በኋላ 3 ዓመት የውስጥ ደዌ ሬዚደንሲ ይሠራል። ቀጥሎ 3 ዓመት የካርዲዮሎጂ ፌሎሺፕ አለ። ኢፒ ከዚያ በላይ ሌላ 2 ዓመት ነው። ስለዚህ ከሜዲካል ስኩል በኋላ ብቻ 8 ዓመት። ካርዲዮሎጂስት ሁሉ አብሌሽን አይሠራም። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው።

ምስክርነቱ ደግሞ ከሦስት ቦታ ነው የሚመጣው። አንደኛው ለማሠልጠኛው ነው። ኤሲጂኤምኢ የሚባለው አካል ፕሮግራሙን እየገባ ያያል፦ በቂ ታካሚ አለ ወይ፣ አስተማሪዎቹ እነማን ናቸው፣ ሠልጣኙ በገዛ እጁ ይሠራል ወይስ ቆሞ ያያል። ሁለተኛው ለሰውየው ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ቦርድ፣ ኤቢአይኤም፣ ይፈትነዋል። የኢፒን ፈተና ለብቻው መስጠት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ፈተናው ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ የካርዲዮሎጂ ቦርድ ማለፍ አለበት። ሦስተኛው የሚሠራበት ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ «ይህን ፕሮሲጀር እዚህ መሥራት ትችላለህ» ብሎ ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው ፈቃድ ይሰጠዋል። ቦርድ ያለፈ ሐኪም ሆኖ አንዳንድ ፕሮሲጀር ያልተፈቀደለት አለ።

ቦርድ ያለው መሆኑን ማንም ሰው የሐኪሙን ስም ኤቢአይኤም ድረ ገጽ ላይ ጽፎ በነጻ ማየት ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በል። «ቦርድ ኤሊጂብል» የሚል ካየህ ሥልጠናውን ጨርሶ ፈተናውን ገና ያላለፈ ማለት ነው።

ካርዲዮ_ፌሎ_አዲስ · ማክሰኞ ጠዋት

የሜሪላንዱ ወንድማችን ጥሩ አስቀምጦታል። ሕንድን በተመለከተ ልጨምር። እዚያ ከኤምዲ፣ ማለትም ከስፔሻሊቲ ዲግሪ፣ በኋላ የ3 ዓመት ዲኤም ካርዲዮሎጂ አለ። ዲኤም ሐኪሙን ካርዲዮሎጂስት ያደርገዋል፤ የኢፒ ሰው ግን አያደርገውም። ስለዚህ ሲቪው ላይ ከዲኤም በኋላ ለብቻው የተሠራ የኢፒ ፌሎሺፕ ፈልግ። የትኛው ሆስፒታል፣ ከመቼ እስከ መቼ። ወራት ወይም ዓመታት ካልተጻፉ ጠይቅ። የሐኪሙን ምዝገባ ደግሞ የሕንድ ሐኪሞች መዝገብ ላይ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል።

ያ ብዙ ሰርተፍኬት የደረደረው ሐኪም ላይ ፍርድ አልሰጥም። ግን ዝርዝሩን በደንብ እየው። «ወርክሾፕ»፣ «ኮርስ»፣ «ኦብዘርቨርሺፕ» የሚሉት ከበዙ ተጠንቀቅ። ኦብዘርቨርሺፕ ማለት ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ ማየት ነው። ካቴተር አይነካም። ብዙ የኛ ሐኪሞችም ውጭ ሄደው የሚያገኙት ይህንኑ ነው፤ የአገሩ ፈቃድ ስለሌላቸው ታካሚ መንካት አይችሉም። ያዩት ነገር ይጠቅማቸዋል፤ ሥልጠና ነው ብሎ መጥራት ግን ታካሚን ማሳሳት ነው።

አውሮፓ ያለው የኢኤችአርኤ ሰርተፍኬት ደግሞ ክብደት አለው። ኢኤችአርኤ የአውሮፓ የልብ ምት ማኅበር ነው፤ በአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር ሥር እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመ። ፔስሜከርና መሰል፣ ደረት ውስጥ ተተክለው የልብን ምት የሚጠብቁ መሣሪያዎችን ለብቻ፣ ኢፒን ለብቻ ይፈትናል። የጽሑፍ ፈተና አለው፤ ከፍተኛውን ደረጃ ለማግኘት ደግሞ ሎግቡክ ያስፈልጋል። ሎግቡክ ማለት ሐኪሙ የሠራቸው ፕሮሲጀሮች አንድ በአንድ የሚመዘገቡበትና አሠልጣኙ የሚፈርምበት መዝገብ ነው። ቢሆንም የሥራ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው የየአገሩ መንግሥት ነው።

ሎግቡክ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማሳየት የአክስትህን ዓይነት ሕክምና ልውሰድ። በአዋቂ ሴቶች ላይ በብዛት የምናየው ኤስቪቲ ኤቪኤንአርቲ የሚባለው ነው። ልብ መሀል፣ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የኤሌክትሪክ መልእክት የሚያልፍበት ኤቪ ኖድ የሚባል ቦታ አለ። አጠገቡ ሁለት መንገድ ሲኖር ምቱ በዚያ ክብ እየሠራ ይሽከረከራል። ሐኪሙ በጭን ደም ሥር ካቴተር አስገብቶ ዘገምተኛውን መንገድ በሙቀት ይዘጋዋል። ፈጣኑ መንገድና ኤቪ ኖዱ ያሉት ከዚያ በሚሊሜትር ርቀት ላይ ነው። ሙቀቱ ሲጀምር ስክሪኑ ላይ ከመሀል የሚነሱ ምቶች ይታያሉ። ጥሩ ምልክት ናቸው። ነገር ግን ከእነዚህ ምቶች በኋላ የላይኛው ክፍል መልስ መስጠቱን ካቆመ፣ ወዲያው፣ በዚያች ሰከንድ፣ ሙቀቱን የሚያዝዘውን ፔዳል መልቀቅ ያስፈልጋል። ከዘገየ ታካሚዋ ዕድሜ ልኳን ፔስሜከር ሊያስፈልጋት ይችላል። በሠለጠነ እጅ ይህ ከመቶ አንድ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የሚድነው ደግሞ ከመቶ ከ95 በላይ ነው። ያቺን ሰከንድ መጽሐፍ አያስተምራትም። ደጋግሞ ሲሠራ፣ ከጎኑ ያለ አሠልጣኝ «ልቀቅ!» ሲለው ነው የሚለምዳት።

ቴክኒሽያን_ሜሪላንድ · ማክሰኞ

ዶክተር፣ እጅህ ይባረክ። እኔ የምጨምረው አለ። ያቺን ሰከንድ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያያት ሐኪሙ አይደለም። ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠው ሰው ነው። እኔ ነኝ። የሐኪሙ ዓይን ካቴተሩ ላይና ኤክስሬዩ ላይ ነው፤ የኔ ዓይን መስመሮቹ ላይ ነው። «ኦፍ» ስል ጥያቄ የለም፣ ይለቃል።

ለዚህ ነው እዚህ ቴክኒሽያንም የሚፈተነው። ሲሲአይ የሚባል አካል አርሲኢኤስ የሚል ማዕረግ ይሰጣል። አይቢኤችአርኢ ደግሞ አለ፤ ዓለም አቀፍ የልብ ምት ፈታኞች ቦርድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረ። እሱ ሐኪምንም፣ ነርስንም፣ ቴክኒሽያንንም ይፈትናል። ለመሣሪያ ሲሲዲኤስ፣ ለኢፒ ሲኢፒኤስ የሚል ሰርተፍኬት አለው። ከየትኛውም አገር መፈተን ይቻላል። ጊዜው ሲያልፍ ይታደሳል፤ አንዴ አልፎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መቀመጥ የለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሆስፒታሉን ስትጠይቅ ሐኪሙን ብቻ አትጠይቅ። ከጎኑ ማን አለ? በል።

ሲስተር_ጅዳ · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። ሳውዲ ካትላብ (የልብ ካቴተር ሥራ የሚሠራበት ክፍል) ውስጥ ነርስ ነኝ። እንደኔ ወደ ገልፍ የመጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዲግሪያችን በዳታፍሎው እስከ ተማርንበት ትምህርት ቤት ድረስ ይጣራል፣ ቀጥሎ ፕሮሜትሪክ ፈተና አለ፣ ከዚያ የሳውዲ የጤና ሙያ ኮሚሽን ይመዘግበናል። ወረቀቱ በደንብ ይጣራል። ሐሰተኛ ዲግሪ ይዞ ማለፍ ከባድ ነው።

ግን ይህ ሁሉ የሚያሳየው መማሬን ነው። መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ እንደማይነዳ ማለት ነው። ዋናው ማረጋገጫ ክፍላችን ውስጥ የሚደረገው ነው። በየዓመቱ ኃላፊዋ ቆማ እያየችን እንሠራለን። ከጭን ላይ ሺዝ (ካቴተሩ የሚያልፍበትን ቱቦ) አውጥቶ ደም ማቆም። የዲፊብሪሌተር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚመታው ማሽን) ፓድ የት እንደሚለጠፍ። ታካሚው የደም ግፊቱ ሲወርድ፣ ላብ ሲያልበው፣ «ልቡ ዙሪያ ደም ተጠራቅሞ ይሆናል» ብሎ ማሰብና ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ማስጠራት። ያላለፈች ነርስ እስክታልፍ ድረስ ብቻዋን ኬዝ አትይዝም። ከየትኛውም ቦርድ ፈተና በላይ ታካሚን የጠበቀው ይህ ይመስለኛል።

ጡረተኛ_መምህር · ረቡዕ ጠዋት

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ብዙ ተማርኩበት። እኔ ግን ከሌላ በኩል ልምጣ። አብሌሽን አይደለም የኔ ነገር። ደረቴ ላይ ፔስሜከር አለ፤ እኛ የልብ ባትሪ የምንለው። የተተከለልኝ ልጄ ጋ ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ ወዲህ ራሴን ስቼ አላውቅም።

አገሬ ገብቼ ምርመራ ስሄድ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ስሙን የማልጠራው ሆስፒታል ኢሲጂ አነሡኝና «ይሠራል፣ ሰላም ነው» ብለው ሸኙኝ። የልጄ ሐኪም በስልክ ሲጠይቁ «ባትሪው ስንት ዓመት ቀረው? ሽቦውስ?» አሉ። መልስ የለኝም። ሌላ ቦታ ስሄድ ማሽን አላቸው፤ ግን የኔን ባትሪ አያነብም። የሌላ ኩባንያ ነው አሉኝ። በመጨረሻ ያነበበልኝ ሰው ሐኪም ይሁን ነጋዴ አላወቅሁም። ኮምፒውተር ይዞ መጣ፣ ጥቂት ነካካ፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ። ወረቀት አልሰጠኝም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የተከለውን ሐኪም ማን እንዳሠለጠነው ትነጋገራላችሁ። ከተተከለ በኋላ ለዓመታት የሚያየኝን ሰውስ ማን ነው የሚመዝነው?

ቴክኒሽያን_ሜሪላንድ · ረቡዕ

መምህር፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው። እርስዎን ያጋጠመዎት ብዙ አባቶችንና እናቶችን እንደሚያጋጥም አውቃለሁ፤ ከአገር ቤት የሚደወልልኝ ስልክ አብዛኛው ይኸው ነው።

ኢሲጂ ብቻውን አይበቃም። ኢሲጂ የሚያሳየው በዚያች ደቂቃ ልብ እየመታ መሆኑን ነው። ትክክለኛው ምርመራ ይህን ይመስላል። ፕሮግራመር የሚባለው ኮምፒውተር ዋንዱ (የማንበቢያ እጀታው) ደረትዎ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ባትሪው ይነበባል፤ ስንት ጊዜ እንደቀረው ራሱ ይገምታል። ቀጥሎ የሽቦዎቹ ሬዚስታንስ ይታያል፤ በጣም ከወረደ የሽቦው ሽፋን ተጎድቶ ይሆናል፣ በጣም ከወጣ ሽቦው ተሰብሮ ወይም ግንኙነቱ ላልቶ ይሆናል። ከዚያ ዋናው ይመጣል። መሣሪያው የሚሰጠውን ኃይል ከ2.5 ቮልት ወደ 2፣ ወደ 1.5፣ ወደ 1 እያልን እንቀንሳለን። ስክሪኑ ላይ የኤሌክትሪኩ ጭረት ይታያል፣ ከኋላው የልብ ምት ይከተላል። ጭረት፣ ምት። ጭረት፣ ምት። የሆነ ቦታ ላይ ጭረቱ ብቻውን ይቀራል። እዚያ ጋ ወዲያው እንመልሰዋለን። ልብን ያስነሣው የመጨረሻው ትንሹ ኃይል 0.75 ቮልት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ እጥፉን ወይም ከዚያ በላይ አድርገን እንተወዋለን። ከመጠን በላይ ከተተወ ባትሪው ያለ ጊዜው ያልቃል። ካነሰ ሰውየው አንድ ቀን መንገድ ላይ ይወድቃል። የራሱ ምት ለሌለው ታካሚ ይህችን ምርመራ የማያውቅ ሰው ሊሠራት አይገባም።

ማሽኑ አላነበበም የተባሉትም እውነት ነው። የሜድትሮኒክ ፕሮግራመር የአቦትን መሣሪያ አያነብም፤ የቦስተን ሳይንቲፊክና የባዮትሮኒክም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሲተከልልዎት የተሰጠችዎትን ካርድ ከመታወቂያዎ ጋር ይያዟት። ኩባንያው፣ ሞዴሉ፣ ቁጥሩና የተተከለበት ቀን እሷ ላይ ነው ያለው። ካርዷ ጠፍታ ከሆነ ልጅዎ የተከለውን ሆስፒታል ይጠይቅ፤ ኩባንያውም መዝግቦ ይይዛል። የደረት ኤክስሬይ ላይ የመሣሪያውን ቅርጽና ምልክት አይቶ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ መለየትም ይቻላል።

እዚህ አገር ይህን ሥራ አብዛኛውን ቀን የሚሠሩት ነርሶችና ቴክኒሽያኖች ናቸው። ያ ሲሲዲኤስ ያልኩት ፈተና ለነሱ ነው። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ይፈርማል።

ባዮሜዲካል_አዲስ · ረቡዕ ማታ

መምህር የነገሩትን ከውስጥ ሆኜ አየዋለሁ። የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ ነኝ። በእርዳታ የመጣ ፔስሜከር አለ፣ ታካሚው የገዛው አለ፣ እንደ መምህር ውጭ ተተክሎለት የመጣ አለ። አንድ ከተማ ውስጥ የአራት ኩባንያ መሣሪያ ይገኛል፤ የአራቱም ፕሮግራመር አንድ ሆስፒታል ውስጥ አይገኝም። መሣሪያ ሲለገስ ፕሮግራመሩ አብሮ እንዲመጣ መጠየቅ አለብን ብዬ ደጋግሜ ተከራክሬያለሁ።

ሰውም አለ። አንዲት ነርስ በጎብኚ ቡድን ሠለጠነች እንበል። ጎበዝ ሆነች። መሣሪያውን እንደ እጇ መዳፍ አወቀችው። ከዚያ ሮቴሽን መጣና ወደ ሕፃናት ክፍል ተዛወረች። ሥልጠናው አብሯት ሄደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ «የልብ መሣሪያ ክትትል ባለሙያ» የሚባል የሥራ መደብ የለም። መደብ የሌለው ሙያ ደሞዝ የለውም፣ ዕድገት የለውም፣ ተቆጣጣሪ የለውም።

እኔ የምለው፣ ስለ ኢፒ ሐኪም ደረጃ ከመነጋገራችን በፊት ከዚህ እንጀምር። ክትትሉን የሚሠራው ሰው ይሠልጥን፣ ይፈተን፣ መደብ ይሰጠው።

ሲስተር_ጅዳ · ረቡዕ ማታ

ስለ ሮቴሽኑ የተናገርከው አንጀቴን በላው። አገር ቤት ስሠራ አብራኝ የነበረች ልጅ ላይ ልክ ይኸው ነው የደረሰው።

ካርዲዮ_ፌሎ_አዲስ · ሐሙስ

በክትትሉ እስማማለሁ። «ከሐኪሙ በፊት» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ሁለቱ አብረው ነው መሄድ ያለባቸው። ክሊኒኩን የሚመራ፣ ውጤቱን አይቶ የሚወስን ሐኪም ከሌለ የሠለጠነችው ነርስ ብቻዋን ትቀራለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ደረጃ ሲባል የአሜሪካውን ወይም የአውሮፓውን ገልብጠን እንዳናመጣ። እዚያ የሠልጣኙ ትልቁ ድርሻ የኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ የላይኛው የልብ ክፍል ያለ ሥርዓት የሚርገበገብበት መዛባት፣ አብሌሽን ነው። ይህ ሕክምና የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1998 የቦርዶዎቹ ሐኪሞች፣ ሃይሳጌርና ባልደረቦቹ፣ የዚህ መዛባት መነሻ በአብዛኛው ከሳንባ በሚመጡት ደም ሥሮች ውስጥ መሆኑን ካሳዩ በኋላ ነው። ድንቅ ሥራ ነው። ግን የኔ ታካሚ ማን ናት? የ28 ዓመት ሴት ናት። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታምማ ሳትታከም ቀርታ ሪውማቲክ ያዛት። ማይትራል ቫልቯ ጠቧል። የላይኛው የልብ ክፍሏ ሰፍቷል። ምቷ ከተዛባ ቆይቷል። እሷን አብሌሽን አያድናትም። የሚያስፈልጋት ቫልቯን የሚያስተካክልላት፣ ምቷን የሚቆጣጠርላት፣ ዋርፋሪኗንም (የደም ማቅጠኛዋን) በትክክል የሚከታተልላት ሰው ነው።

እዚህ ላይ ማወቅ ያለብን አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት በሪውማቲክ የልብ በሽታ ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባቸውን ታካሚዎች አይቶ፣ ከአዲሱ የደም ማቅጠኛ ከሪቫሮክሳባን ይልቅ እንደ ዋርፋሪን ያሉት መድኃኒቶች የተሻሉ መሆናቸውን አሳየ። ሞትም ያነሰው በነሱ ነው። ሌላው ዓለም ወደ አዲሶቹ የደም ማቅጠኛዎች ሲሮጥ፣ ለኛ ታካሚዎች አሮጌው ዋርፋሪን ነው የሚበጀው። አይኤንአር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየውን ቁጥር) በየጊዜው መለካት፣ አመጋገብን ማስረዳት፣ እርግዝና ሲመጣ አስቀድሞ ማሰብ። በኛ አገር የልብ ምት ስፔሻሊስት ተብሎ የሚመሰከርለት ሰው ፈተናው ላይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ሁለተኛው ልብ ብሎክ ነው፤ የኤሌክትሪክ መልእክቱ ከላይ ወደ ታች ማለፉ ሲስተጓጎል። እንደ መምህር ያሉ ሰዎች ማለት ነው። ለዚህ የአንድና የሁለት ሽቦ ፔስሜከር በጥራት መትከል የሚችል ሰው ያስፈልገናል። ኬፕታውን ያለው ግሮት ሹር ሆስፒታል ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችን ይህንኑ ያሠለጥናል። ለወራት ተቀምጠው በገዛ እጃቸው እየተከሉ ይማራሉ፣ ከዚያ አገራቸው ገብተው ይሠራሉ። የተፈጥሮ ሥርዓቱ ይህ ይመስለኛል፤ መጀመሪያ ፔስሜከርና ክትትል፣ ቀጥሎ እንደ አክስቱ ያለ ኤስቪቲ፣ ከዚያ ከባዱ። ለእያንዳንዱ እርከን የራሱ ሎግቡክና ፈተና። እርከን ያልያዘ ሐኪም ደግሞ ከእርከኑ በላይ አይሥራ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የልብ ምት ሐኪም ሥራ እጅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ካስት የተባለው ጥናት ውጤት ሲወጣ ሕክምናውን አናወጠው። የልብ ደም ሥር ተዘግቶባቸው የልብ ጡንቻቸው ከተጎዳ በኋላ ትርፍ ምት የሚያሳዩ ታካሚዎች መድኃኒት ተሰጣቸው። ትርፍ ምቱ ጠፋ። ኢሲጂው አማረ። የሞቱት ግን ባዶ ክኒን ከወሰዱት ይልቅ በዙ። ከተሰጡት መድኃኒቶች ፍሌካይናይድ አንዱ ነበር። ዛሬም ልቡ ጤነኛ ለሆነ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የተጎዳ ልብ ላይ ግን ይገድላል። የትኛው ልብ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ክኒን የሚጽፍ ሰው አብሌሽን ከሚሳሳተው ያነሰ አደጋ የለውም።

ባዮሜዲካል_አዲስ · ሐሙስ

ዶክተር፣ በእርከኑ ሐሳብ አሳመንከኝ። ጥርጣሬዬ ቁጥሩ ላይ ነው። ጥቂት ኬዝ ባለበት አገር ሎግቡክ የሚጠይቀውን ቁጥር ማን ይሞላል? ሠልጣኞቹ ሁለት ሦስት ሲሆኑ ኬዙን ይሻሙበታል። ቁጥሩን ዝቅ ብናደርገው ደግሞ ደረጃ መሆኑ ይቀራል።

ካርዲዮ_ፌሎ_አዲስ · ሐሙስ

ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ የለብንም። የሚሠሩባቸውን ሆስፒታሎች ነው ማሳነስ ያለብን። አሁን ካትላብ ያለው ሁሉ ፔስሜከር ልትከል ይላል፤ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይሠራል። ሁለት ወይም ሦስት ማዕከል ቢመረጥና ታካሚው ወደዚያ ቢላክ፣ ሠልጣኙም ይጠግባል፣ ቡድኑም ይለምዳል፣ ኢንፌክሽኑም ይቀንሳል። ክትትሉ ግን መበተን አለበት። ጎንደር ያለ ሰው ባትሪውን ለማስለካት አዲስ አበባ መምጣት የለበትም።

የጎንደር_ዘመዳችሁ · ሐሙስ ማታ

በዚህ ላይ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። «ጥቂት ማዕከል» የሚለው ለአዲስ አበባ ሰው ይቀላል። እናቴ ምቷ 30 ገብቶ ነበር። እንኳን ለሪፈር፣ ለአምቡላንስም የሚበቃ ጊዜ አልነበረንም። በጊዜያዊ ፔስሜከር ነው የተረፈችው፤ በአንገቷ ደም ሥር ያስገቡላት አንድ ጎበዝ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ደረጃ ስታወጡ ይህን አትርሱ። ጊዜያዊውን መትከል የሁሉም ትልልቅ ሆስፒታሎች ሐኪሞች እንዲችሉት ይሁን። ቋሚውን ማዕከል ይሥራው።

ካርዲዮ_ፌሎ_አዲስ · ሐሙስ ማታ

ትክክል ነህ። ይህ የመጀመሪያው እርከን መሆን አለበት፤ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ሳይፈተንበት መመረቅ የለበትም። እናትህ እንኳን ተረፉ።

የጉለሌ_ልጅ · ዓርብ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የነገራችሁኝን ይዤ ለሁለቱም ሐኪሞች በአገናኙ በኩል ጻፍኩላቸው። የኢፒ ፌሎሺፕ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ? በዓመት ስንት ኤስቪቲ በገዛ እጅዎ ይሠራሉ? ከታካሚዎችዎ ስንቱ ፔስሜከር አስፈለገው? ኮምፒውተሩ ጋ የሚቀመጠው ማን ነው፣ ሠልጥኗል?

አጭር ሲቪ ያላቸው ሐኪም ራሳቸው መለሱልኝ። ፌሎሺፑን ከነዓመቱ ጻፉ። ችግር የደረሰባቸውንም ሳይደብቁ ነገሩኝ። ከሌላኛው ወገን አገናኙ ነው የመለሰው፤ የዋጋ ቅናሽ እናደርጋለን የሚል ነው። ቤተሰቡ ወስኗል። ሪፖርቱንና ኢሲጂውን በሙሉ በፍላሽ ይዘን እንመጣለን ብለናል፤ እዚህ የሚከታተላት ሐኪም እንዲያየው።

ቴክኒሽያን_ሜሪላንድ · ዓርብ

ጎበዝ። አንድ ተጨማሪ፦ ከፕሮሲጀሩ በፊት የትኞቹን መድኃኒቶች ከስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለባት በጽሑፍ ጠይቁ። ምቱን የሚያቀዘቅዘው መድኃኒት ውስጧ ካለ ኤስቪቲው ላብ ውስጥ አልነሣ ሊል ይችላል፤ ካልተነሣ ደግሞ ማጥፋት ያስቸግራል። በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙ።

ጡረተኛ_መምህር · ዓርብ ማታ

ልጄ፣ አክስትህን በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስልህ።

ቴክኒሽያኑን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ ያየኝ ሰው የኩባንያው ሠራተኛ እንደነበር ዛሬ አጣራሁ። ታዲያ ያ ምርመራ ይቆጠራል ወይስ እንደገና ልሂድ?

ቴክኒሽያን_ሜሪላንድ · ቅዳሜ ጠዋት

መምህር፣ የኩባንያ ሰው መሣሪያውን ማንበቡ እዚህም የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ያንን ፈተና ያለፉ፣ መሣሪያቸውን ከማንም በላይ የሚያውቁ ናቸው። ሲተከልም ከጎን ይቆማሉ። ሥርዓቱ ግን ይህ ነው፦ በሐኪም ትእዛዝና ቁጥጥር ሥር ይሠራሉ። በራሳቸው ሥልጣን አቀማመጡን አይቀይሩም። ያየውን ሁሉ አትሞ ለሐኪሙ ይሰጣል፣ ሐኪሙ አይቶ ይፈርማል፣ አንድ ቅጂ ከእርስዎ ጋር ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይደውሉለትና ያነበበውን እንዲያትምልዎት ይጠይቁት፤ ፕሮግራመሩ የቀድሞውን ምርመራ ብዙ ጊዜ ያስቀምጣል። ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ይፈልጉ። የባትሪው ቀሪ ጊዜ፣ የእያንዳንዱ ሽቦ ሬዚስታንስ፣ ልብ የተነሣበት ትንሹ ቮልት፣ መጨረሻ ላይ የተተወው ቮልት። አራቱ ካሉ ወስደው ለልብ ሐኪምዎ ያሳዩና ያስፈርሙ፤ ምርመራው ተቆጥሯል። ሦስተኛውና አራተኛው ከሌሉ ግን ልብዎ የሚነሣበትን ኃይል አልለካም ማለት ነውና እንደገና ይሂዱ። ባትሪዎ ደህና ከሆነ ከዚያ በኋላ በየ3 እስከ 12 ወሩ መታየት ይበቃል፤ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ቶሎ ቶሎ።

ካርድዎን ፎቶ አንሥተው በውስጥ መስመር ይላኩልኝ። የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ አይቼ፣ ፕሮግራመሩ የት እንደሚገኝ ከባዮሜዲካሉ ወንድማችን ጋር እናፈላልጋለን።

ባዮሜዲካል_አዲስ · ቅዳሜ

እኔ ዝግጁ ነኝ። መምህር፣ ለኔም ይላኩልኝ።